የእንግዳ አቀባበል ትምህርት በጥቁርና ነጭ

መቼም ዘንድሮ የማይሰጥ ትምህርት የለም። ስልክ ያለው ሁሉ ተማሪ ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ደግሞ አስተማሪ ነው። ሽንኩርት አከታተፍ የሚያስተምር አለ፤ ጥርስ አፋፋቅ የሚያስተምር አለ፤ በቀደም ዕለት ደግሞ አንዲት ልጅ ዓይኗን እያስለመለመች እንዴት እንደሚተነፈስ ስታስተምር አየሁ። መተንፈስ! እኔ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ያለ አስተማሪ መኖሬን ሳስበው ደነገጥኩ። በግምት ስተነፍስ ነው ለካ የኖርኩት።

ትምህርት እንደማልጠላ ግን እወቁልኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ከዚያ እኔና ትምህርት ቤቱ ሳንጣላ ተለያየን። እሱም አልፈለገኝም፣ እኔንም አልናፈቀኝም። ፊደሉን ግን ይዤው ወጥቻለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግለኛል። የጎደለኝን ደግሞ በድምፄ ሞልቼዋለሁ። እኔ ስናገር ሰው ለመስማት አይቸገርም፤ የሚቸገረው ላለመስማት ነው። ጎሮ ካለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ስስቅ፣ ምድር ላይ ያለው ባለሱቅ «ዛሬ እትዬ አስካለ ደስ ብሏታል» ይላል። ዝም ያልኩ ቀን ታማለች ብሎ ሊጠይቀኝ ይመጣል።

ሕይወት የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ስታርፍ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ነበር የተረከብኳት፤ አሁን ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ አሠልጣኝ ሆናለች። ከየገጠሩ ለሚመጡ አዳዲስ ሠራተኞች ሰዓት ማክበርን፣ ከአለቃ ጋር መነጋገርን፣ ምሳ ቤት ሰልፍ መያዝን ታስተምራለች። ለዚሁ ሥራዋ የሚያግዛትን ነገር ስልኳ ላይ ስትፈልግ ነው እንግዲህ እነዚያን ፊልሞች ያገኘቻቸው።

የአሜሪካ ፊልሞች ናቸው፤ ግን ሽጉጥ የለባቸውም፣ መሳሳምም የለባቸውም። እኔ ሳልወለድ የተሠሩ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አጫጭር ፊልሞች፤ የዚያን ጊዜ ተማሪዎችና የቤት እመቤቶች ጠባይ እንዲማሩባቸው ተብለው የተነሡ። ማዕድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ስልክ እንዴት እንደሚያነሡ፣ አልጋ እንዴት እንደሚያነጥፉ፣ ጎረምሳው አንዲትን ልጅ ሽርሽር እንዴት እንደሚጋብዝ። ሕይወት የከፈተቻቸው ልትስቅባቸው ነበር። እኔ ግን ወደድኳቸው። እሷ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች፣ እኔ እያጨበጨብኩ፣ ከሥራ ስትመለስ ፊልም ማየት የቤታችን ሥርዓት ሆነ።

እንዴትስ አልወዳቸው! አባትየው ከገዛ ልጆቹ ጋር እራት ለመብላት ክራቫት አድርጎ ይቀመጣል። እናትየው በተረከዝ ጫማና በዕንቁ ሐብል ሆና ታበስላለች፤ ደግሞ አንዲት ጠብታ አትነካትም። እኔ አንድ ድስት ሳቁላላ ቀሚሴ ላይ የዓለም ካርታ ይሠራል። ልጆቹ «እባክህ ቅቤውን አቀብለኝ»፣ «ይኸው»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ምንም አይደል» ይባባላሉ፤ ቅቤው እስኪደርስ ዳቦው ይቀዘቅዛል። አንዱ ፊልም ላይ ደግሞ ጎረምሳው ልጅቷን ሽርሽር ወስዶ በሰዓቷ ለአባቷ ሲመልሳት አየሁና ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ይህን የሰፈራችን ጎረምሶች በሙሉ ተሰልፈው ማየት አለባቸው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የማይታየውን ሰውዬ ነው። ፊቱ የለም፤ ድምፁ ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይመጣል። ልጁ ሾርባውን ፉት ሲል «እንዲህ ነው እንዴ የሚጠጣው?» ይለዋል። ልጁ ቀና ብሎ ጣራውን ያይና ይስተካከላል። እኔ «ጋሼ ድምፁ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ከዚያ ወዲያ ሕይወት ጫማዋን በር ላይ ጥላ ስትገባ ከጓዳ ሆኜ ድምፄን አወፍርና «የተማረች ልጅ ጫማዋን እንዲህ ትጥላለችን?» እላታለሁ። እየሳቀች ታነሣለች። አንድ ነገር ብቻ ግር ይለኝ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ አንድም ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ «ጨው አለሽ?» አይልም። ጨው ሁሉም ቤት ሞልቶ ይሆን? ወይስ ጎረቤት የሚባለው ገና አልተሠራም ነበር?

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ሳቁ ቁም ነገር የሆነው በዳዊት ምክንያት ነው።

ዳዊት ሕይወት ልታገባው የምትፈልገው ልጅ ነው። እዚያው እሷ ፋብሪካ የስፌት መኪኖቹን የሚጠግን፣ ረጅም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚል፣ ደኅና ልጅ ነው። በእኛ ጊዜ ልጅ ከፈለገ ሽማግሌ ይልካል፤ አለቀ። አሁን ግን ከሽማግሌ በፊት «ትውውቅ» የሚባል ነገር መጥቷል። የልጁ እናት መጥተው ቤታችሁን ያያሉ፣ እናንተን ያያሉ። ደስ ካላቸው ሽማግሌው ይከተላል። ደስ ካላላቸው ትውውቁ ትውውቅ ሆኖ ይቀራል።

እና ሕይወት አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዬን እየቋጠረች እየፈታች፣ «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ?» አለችኝ።

«ነጠላዬን ልቀቂና ለምኚ።»

«የዳዊት እናት በጣም ዝምተኛ ናቸው። እትዬ የሺ... እንዴት ልበልሽ፣ ቁጥብ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢሮ በጸሐፊነት ነው የሠሩት። ዳዊት አንድያ ልጃቸው ነው፤ ለብቻቸው ነው ያሳደጉት። እሳቸው ካልወደዱን እሱ ቃላቸውን ተላልፎ አይመጣም፤ እኔም እንዲመጣ አልፈልግም። ፕሊስ፣ የዚያን ቀን ብቻ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊልኝ።»

እንደ ሬዲዮ! አልተቀየምኩም። ማለት ትንሽ ነው የተቀየምኩት። ግን ፊቷን ሳየው የምር ፈርታለች፤ ይህቺ ልጅ የፈራችውን እኔ አውቃለሁ። እናቷ የለችም፤ ያን ቀን እንደ እናት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እኔ ነኝ።

«እንደ ፊልሟ እናት ልሁን?» አልኳት። ለቀልድ ነበር።

ዓይኗ በራ። «ትችያለሽ?»

በቃ። ይህቺ ልጅ «ትችያለሽ?» ስትለኝ የማልችለው ነገር የለም።

ወዲያው ለጉዳያችን የሚሆነውን ፊልም ፈልጋ አወጣችልኝ፤ የባል አለቃና ሚስቱ እራት ሲጠሩ ባለቤቲቱ እንዴት እንደምታስተናግድ የሚያሳይ ነው። ደጋግመን አየነው። ጋሼ ድምፁ ምን አለ? ባለቤቲቱ በለሰለሰ ድምፅ ትቀበላለች፤ እጅ ትጨብጣለች። ለእያንዳንዱ እንግዳ በየሳህኑ ትንሽ ትንሽ ታቀርባለች። ስለ በሽታ፣ ስለ ኑሮና ስለ ሰው ጉዳይ አይወራም። እንግዳው በቃኝ ካለ በቃው፤ እንዳይጨነቅ ሳህኑ በፈገግታ ይነሣል። ሲሄዱም በር ላይ ተሰናብቶ በሩን ቀስ አድርጎ መዝጋት ነው። እኔም ጥናቱን ያዝኩ። መስተዋት ፊት ቆሜ በለሰለሰ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» ስል ባለሱቁ ዝምታው አስፈርቶት መጣ። «ጉንፋን ነው?» አለኝ።

ቀኑ እሁድ ነበር፤ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ የታጠበ ሲመስል። ዶሮውን ከዋዜማው ጀምሬ ሠርቼዋለሁ። እሱን ማንም ፊልም አላስተማረኝም፤ በእሱ ላይ እኔ ነኝ ጋሼ ድምፁ። ድስት ሙሉ ዶሮ፣ ሌማት ሙሉ እንጀራ፣ አይብ፣ ጎመን፣ አንድ ትልቅ ድፎ። ጠረጴዛው ላይ ሳህንና ሹካ ደረደርኩ፤ መሀሉ ላይ አበባ አቆምኩ። ዕንቁ ስለሌለኝ የሕይወትን ነጭ ጨሌ አጠለቅኩ። የተረከዝ ጫማም አደረግኩ፤ በገዛ ቤቴ! አባወራ የሚቀመጥበት በኩል ባዶ እንዳይመስል ብዬ ቴሌቪዥኑን ወደዚያ አዞርኩት።

ሦስት ሆነው መጡ። ዳዊት፣ እናቱ እትዬ የሺ፣ አጎቱ ጋሽ መኩሪያ። እትዬ የሺ ደርባባ፣ ነጠላቸው የነጣ፣ አፋቸው ግጥም ያለ ሴት ናቸው። ጋሽ መኩሪያ ግን ገና በሩ ላይ አፍንጫቸውን ወደ ጓዳ አዙረው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ዶሮው ሰላም ብሏቸዋል።

እኔ እጄን ዘረጋሁ። «ጤና ይስጥልኝ። ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል።» እትዬ የሺ ጨብጠውኝ ለመሳም ጉንጫቸውን ሲያስጠጉ እኔ ቀድሜ ተመልሻለሁ፤ ጉንጫቸው አየር ላይ ቀረ። አየሩን ስመው ቀና አሉ። ምነው ጎትተሽ በሳምሻቸው አለ አንዱ ልቤ። ሌላው ልቤ ግን ፊልሙን አስታወሰኝ።

ተቀመጡ። «ምን ላቅርብልዎት?» አልኩ፣ እንደ ሐር በለሰለሰ ድምፅ።

«ኧረ ምንም አያስቸግሩ። አሁን በልተን ነው የመጣነው» አሉ እትዬ የሺ።

እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ በሀገራችን አሁን በልቶ የመጣ እንግዳ ተወልዶ አያውቅም። ይህ የሚባለው «በሞቴ!» እንዲባልበት ነው። ያልበላ ሰው ብቻ ነው በልቼ መጣሁ የሚለው። ግን ጋሼ ድምፁ ከጣራው በኩል ሳል ሲል የሰማሁት መሰለኝ።

«እሺ» አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ወደ እህታቸው ዞረው አዩዋቸው። እንዴት እንዳዩዋቸው ብትመለከቱ!

ቢሆንም ምሳ ምሳ ነውና ወደ ጠረጴዛው ጠራኋቸው። በየሳህኑ አንድ ጥቅል እንጀራ፣ አንድ አንድ ብልት፣ ግማሽ ግማሽ እንቁላል። ቆንጆ ነው፤ ሥዕል ነው። ጋሽ መኩሪያ ድርሻቸውን ሁለቴ ጎርሰው ጨረሱና ሹካዋን እንደ ጠፋ ዕቃ ገልበጥ አድርገው ያዩዋት ጀመር። እትዬ የሺ በጣታቸው ጫፍ ትንሽ ነክተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይጨመርልዎት?»

«በቃኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እሺ» ብዬ በፈገግታ ሳህኑን አነሣሁት። ከዚያ ወደ ጋሽ መኩሪያ፤ «ለእርስዎስ?» እሳቸውም ሰው ናቸውና፣ በወጉ «ኧረ እኔም...» ከማለታቸው ሳህኑን አነሣሁት። እጃቸው ሳህኑን ትንሽ ተከትሎት ሄዶ ተመለሰ። ዳዊት ደፍሮ «እኔ ግን ትንሽ...» ሊል ሲል እናቱ አንዴ ገርመም አደረጉት፤ አፉን ዘጋ።

አሁን ጨዋታ መምጣት አለበት። ግን ስለምን? በሽታ አይወራም፤ ኑሮ አይወራም፤ የሰው ጉዳይ አይወራም። እስቲ እናንተ እነዚህን ሦስቱን አንሡና ምሳ ላይ አውሩ! ምላሴ አፌ ውስጥ እንደታሰረ በግ ይዘላል።

«ዘንድሮ አየሩ ጥሩ ነው» አልኩ።

«አዎ። ጥሩ ነው» አሉ እትዬ የሺ።

ሕይወት ጉሮሮዋን ጠረገች። ፊልሙ ላይ ባለቤቲቱ የጠየቀችው ትዝ አለኝና ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞሬ «ትርፍ ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ?» አልኳቸው።

የሕዝብ ቆጠራ የመጣባቸው ነው የመሰላቸው። ቀጥ ብለው ተቀመጡና «በእንቅልፍ» አሉ።

ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያንን ሳቅ ከመዋጥ ድንጋይ መዋጥ ይቀላል።

ሳህኖቹን ይዤ ጓዳ ስገባ ሕይወት ተከተለችኝ። «አክስቴ፣ አልበሉም እኮ!»

«በቃን አሉ እኮ! በቃኝ ያለ እንግዳ አይጨነቅም ብሎ የለ ሰውዬው?»

«እሱ ለአሜሪካኖቹ ነው!»

«ታዲያ ያንን ቀድመሽ አትነግሪኝም? እኔማ መተርጎም ካንቺ፣ መፈጸም ከእኔ ብዬ!»

ለመታረም ጊዜ አላገኘንም። ስንመለስ ሦስቱም ቆመዋል። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲህ አናስቸግር። እናመሰግናለን» አሉ። ቃላቸው ቀዝቅዟል። ሕይወት «ኧረ ገና ነው...» ስትል እሳቸው በሩ ጋ ደርሰዋል። እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ትምህርት አልረሳሁም፤ በር ላይ ተሰናበትኩና በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። መኪናቸው ድረስ ሳልሸኝ! አራት ፎቅ ደረጃ ለብቻቸው እንዲወርዱ!

የበሩ ቁልፍ ቀጭ ሲል ነው ያደረግኩት የገባኝ። ሕይወት ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችኝም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «አለቀ አይደል?» ብቻ አለችኝ። እንደ ልጅነቷ ነው ያለችው።

የተረከዙን ጫማ አውልቄ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። ቢያንስ ሲሄዱ እጄን ላውለብልብ ብዬ።

አልሄዱም።

ግቢያችን በር ላይ አንዲት በቆሎ ጠባሽ አለች። ጋሽ መኩሪያ አጠገቧ ቆመው አንዱን እሸት ጨርሰው ቆረቆንዳውን ይዘው ሁለተኛውን ይጠብቃሉ። ዳዊት እፍ እያለ ይግጣል። እትዬ የሺ፣ እኚያ ደርባባ ሴት፣ የመኪናውን በር ከፍተው ከኋላው ተደብቀው፣ ነጠላቸውን በአፋቸው ዙሪያ ሸፈን አድርገው በቆሎ ይበላሉ። አበላላቸውን ብታዩ! ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር፣ መለስ ብለው ደግሞ ሌላ መስመር። የታይፕ መኪና ላይ ያረጀ እጅ ብቻ ሳይሆን ያረጀ ጥርስም እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ተርበው ነው የሄዱት። ከእኔ ቤት! ድስት ሙሉ ዶሮ ካለበት!

ጋሼ ድምፁም ይቅርታ ያድርግልኝ፣ አሜሪካም ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ሳንባዬን ሞላሁት።

«እትዬ የሺ! አፈር ስሆን! በሞቴ፣ ያንን በቆሎ ጣሉት!»

ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ቆሙ። ጥበቃው ከወንበሩ ተነሣ። በየፎቁ መጋረጃ ተከፈተ። እትዬ የሺ በቆሎውን ከጀርባቸው ደብቀው ቀና አሉ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ዝምተኛ የተባለ አፍ!

«ምን አልሽ አንቺ?»

ድምፃቸው! የእኔን ያህል ነው። እንዲያውም ያስተጋባል።

«ይመለሱ! ዶሮው እንዳለ ነው! ምንም አልነካችሁትም!»

«መቼ ሰጠሽኝና!»

«በቃኝ አሉኝ እኮ!»

«እና ሰው በቃኝ ሲል ሳህኑ ይነሣል እንዴ? የማን ሀገር ሰው ነሽ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ አንገቷን አውጥታ «እውነታቸውን ነው እትዬ አስካለ!» ብላ ፈረደችብኝ። ሕይወት መጋረጃው ውስጥ ተጠቅልላ «ኦ ማይ ጋድ፣ ኦ ማይ ጋድ» ትላለች። ጋሽ መኩሪያ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ የያዙትን ቆረቆንዳ ወርውረው ደረጃውን ጀምረዋል።

እኔም በባዶ እግሬ ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ከእትዬ የሺ ጋር ተገናኘን። እሳቸው ያለከልካሉ፣ እኔ አለከልካለሁ። አንገታቸውን አቅፌ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ ሳምኳቸው፤ ጉንጫቸው የበቆሎ ጭስ ይሸታል።

«እኔ እኮ» አሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ልጄን ንቀሽ ነው ብዬ። አንዲት በሞቴ እንኳ ካፍሽ ትጥፋ? መኪናው ጋ ስደርስ ለዳዊት፣ ልጄ ተው፣ እነዚህ ሰዎች አልፈለጉንም፣ በጨዋ ደንብ ነው ያባረሩን አልኩት።»

«ውይ እኔን! እኔ እኮ እርስዎ ዝምተኛ ነዎት ተብዬ ነው!»

«ማን? እኔ?» ሳቃቸው መጣ፤ የወርቅ ጥርሳቸው ብልጭ አለ። «እኔን ደግሞ ዳዊት፣ አክስቷ ሥርዓት አዋቂ ናት፣ ብዙ እንዳታወሪ፣ ጮክ ብለሽ እንዳትስቂ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስጠናኝ ከረመ። አፌ ደረቀ እኮ!»

ሁለታችንም ዞረን ልጆቻችንን አየናቸው። ዳዊት ከታች፣ ሕይወት ከላይ፣ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ሁለቱም የግድግዳውን ቀለም እንደሚመረምር ሰው ሆነዋል። በእነሱ ፍርሃት እኮ ነው እኛ የተራብነው። ወላጆቻቸውን አሳምረው ሊያስተዋውቁ ፈልገው፣ እኛን ሁለታችንን አራት የማይተዋወቁ ሰዎች አደረጉን!

ምሳው እንደገና ተጀመረ። ሹካዎቹ ወደ መሳቢያ፣ ሳህኖቹ ወደ ቁም ሣጥን ተመለሱ። አንድ ትልቅ ትሪ ላይ እንጀራ ዘረጋሁ፣ ድስቱን መሀሉ ላይ ገለበጥኩት። «በሞቴ!» አልኩ። «በቃኝ!» አሉ። «ይቺን ብቻ!» አልኩ። «ኧረ በማርያም!» አሉ። «አይሆንም፣ እኔ ልቀበር!» አልኩ። በሉ። ጋሽ መኩሪያ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነገሩን፤ እትዬ የሺ ስለ ጨጓራቸው፤ እኔ ስለ ወገቤ። ከዚያ ስለ ኑሮ፤ ከዚያ ስለ ሰው ጉዳይ። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ ስንስቅ ሰምታ ልትቀር አልቻለችም፤ መጥታ ጎረሰች። ሕይወት እትዬ የሺን አጎረሰቻቸው፤ እሳቸው እጇን ይዘው ሳይለቁ መልሰው አጎረሷት። ልጄ ያን ጊዜ ነው ትከሻዋ የወረደው።

በመጨረሻም ጋሽ መኩሪያ ወደ ኋላ ደገፍ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እንግዲህ ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ በግልጽ ልናገር። በመጪው እሁድ ሽማግሌ ይዤ ብመጣ በራችሁ ይከፈታል ወይ?»

«ለምን እስከ እሁድ!» አልኩ። «አሁኑኑ ይውሰዳት!»

«አክስቴ!» አለች ሕይወት።

ጋሽ መኩሪያ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። ከልባቸው ነው ያዘኑት።

«አይ፣ አይ። እንዲህማ አይሆንም። ልጅ በመጀመሪያው ቃል ተሰጥታ ታውቃለች? እኔ ቆሜ የምለማመጥበትን ንግግር ከሰሞኑ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። በይ አሁን እምቢ በይኝ። ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ በይ። እኔ ቅር እያለኝ እሄዳለሁ፤ እንደገና እመጣለሁ፤ ያኔ ትሰጪያለሽ። ሥርዓት እኮ ነው።»

«እሺ» አልኩና ፊቴን ሰበሰብኩ። «ዘመድ...» ስል ሳቄ አመለጠኝ።

«አልሆነም። እንደገና።»

«ዘመድ እናማክር...» አልኩ። ዳዊት አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ ሳየው አሳዘነኝና «ግን ዘመዱ ያው እኔው ነኝ» ብዬ አበላሸሁት። ሕይወት ከትሪው ሥር ቆነጠጠችኝ። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ልጅቱን የምትከለክዪ አስመስለሽ! ቆፍጠን ብለሽ!»

እሺ፣ ከተባለስ። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ቅንድቤን ገጠምኩ። ልጄ ነገ ከነሻንጣዋ ስትወጣ፣ ማታ በር ላይ ጫማ የሚጥል ሰው ሲጠፋ ታየኝ። ለዚያ ማስመሰል አላስፈለገኝም።

«አይሆንም» አልኩ። «ልጄን አልሰጥም። ሂዱ።»

ጋሽ መኩሪያ በደስታ ጭናቸውን መቱ። «ይኸው! እምቢታ ማለት ይሄ ነው!»

እትዬ የሺ ግን ልምምድ መሆኑን ረስተው ክው ብለው ቀርተዋል። ጉርሻው እጃቸው ላይ እንዳለ፣ አንዴ እኔን አንዴ ልጃቸውን እያዩ፣ «ምነው አስካለዬ?» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ምን አጠፋን?»